ለአራስ ሕፃን ፊቱ ክፍት ሹራብ አሠራር፦ በሁለት መርፌና በአንድ ዓይነት ዐይን

ለአራስ ሕፃን ሹራብ ለመሥራት የሚነሣ ሰው በመጀመሪያ ሊያስብበት የሚገባው የክሩ ቀለም ወይም የጥለቱ ማማር ሳይሆን፣ ልብሱ በሕፃኑ ገላ ላይ በምን ዓይነት ሁኔታ እንደሚገባ ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን የራሱ ዙሪያ በአማካይ ከ34 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ የደረቱ ዙሪያ ከዚያ በሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ያንሳል፤ አንገቱም ገና አልጸናም። በመሆኑም በራስ ላይ የሚጠለቅ ሹራብ የተሰጣት እናት ከልጇ ገላ ሁሉ ሰፊ የሆነውን ክፍል በጠባብ አንገትጌ ውስጥ ለማሳለፍ ትገደዳለች። ፊቱ ከላይ እስከ ታች የተከፈተና በቁልፍ የሚያያዝ ሹራብ ግን አልጋ ላይ ይዘረጋል፤ ሕፃኑ በላዩ ይጋደማል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሁለቱን እጆች ማስገባት ብቻ ነው። ክብደታቸው አንሶ ተወልደው በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ ለሚታቀፉ ሕፃናትም ቢሆን ፊቱን ከፍቶ ጀርባን ብቻ የሚሸፍን ልብስ ይመቻል።

ለጎንደር አየር ደግሞ ይህ ዓይነቱ ሹራብ ሌላም ጥቅም አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ ቀትር ላይ ፀሐዩ ቢያቃጥልም ማታና ንጋት ይቀዘቅዛል፤ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ የሌሊቱና የቀኑ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ስለዚህ ጠዋት ተለብሶ ረፋድ ላይ ሕፃኑን ሳይቀሰቅሱ የሚወልቅ ልብስ ከወፍራም መጠቅለያ ይሻላል።

ከዚህ በታች የተብራራው ሹራብ የሚሠራው ከጀርባው የታችኛው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ላይ፣ በትከሻ አልፎ በፊት በኩል ወደ ታች በሚወርድ አንድ ወጥ ቁራጭ ነው። ሥራው ሲያልቅና ገና ሳይሰፋ ሲዘረጋ የመስቀል ቅርጽ ይኖረዋል፤ ትከሻው ላይ ሲታጠፍ የሚሰፉት ሁለቱ ጎኖች ብቻ ናቸው። ክብ መርፌ አይፈልግም፤ በሁሉም ረድፍ የሚሠራውም አንድ ዓይነት ዐይን (በመርፌ ላይ የሚያዝ የክር ቀለበት) ብቻ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ከላይ ወደ ታች በሚሠራና በየረድፉ ዐይን በሚጨመርበት አሠራር ይጀምሩና መሐል ላይ ቆጠራው ይጠፋባቸዋል፤ በእኔ አስተያየት ለመጀመሪያ ሥራ ይህኛው ይመረጣል።

ክርና መርፌ

የሚያስፈልገው መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ በ4 ሚሊ ሜትር መርፌ የሚሠራ የሹራብ ክር ነው። 100 ግራም ገደማ ይበቃል፤ ይሁን እንጂ ለናሙናና ለስፌት ጭምር ታስቦ 150 ግራም መግዛት ይገባል። ክሩ ሁሉ ከአንድ ማቅለሚያ የወጣ መሆን ስላለበት፣ ጎደለ ተብሎ በሌላ ሳምንት የሚገዛው ክር ስሙ አንድ ቢሆን እንኳ ቀለሙ ጥቂት ሊለይ ይችላል፤ ልዩነቱም በሱቅ ውስጥ ባይታይ በፀሐይ ላይ ይታያል።

በቅዳሜ ገበያም ሆነ በአራዳ አካባቢ ባሉ ሱቆች ክር ሲገዛ መለያ ወረቀቱ የወደቀበት ጥቅል ያጋጥማል። ሻጩ ሁሉንም ‹‹ሱፍ ነው›› ሊል ይችላል፤ እውነቱን የሚናገረው ግን እሳት ነው። ከክሩ የጣት ርዝመት ያህል ቆርጠው፣ በመቆንጠጫ ይዘው፣ ከቤት ውጭ በክብሪት ይለኩሱት። የበግ ሱፍ ከሆነ እንደተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ እሳቱ ሲርቅለት ቶሎ ይጠፋል፣ የሚቀረውም በጣት ሲነካ የሚደቅ ጥቁር ዐመድ ነው። ጥጥ ከሆነ ወረቀት ሲቃጠል የሚሸተውን ሽታ ይሰጣል፤ ዐመዱም ስስና ግራጫ ነው። አክሪሊክ ከሆነ ግን ይቀልጣል፣ ጥቁር ጢስ ያወጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጠጣር እንክብል ሆኖ ይቀራል።

ከሦስቱ የትኛው ይመረጥ? አክሪሊክ ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ በማይገኝበት ሰሞን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እሳት ሲነካው በገላ ላይ የሚቀልጥ በመሆኑ፣ በአራስ ቤት ከሰል በሚነድበት ቦታ አጠገብ ሊለበስም ሊደርቅም አይገባውም። (ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከልብሱ በፊት ለሕፃኑ ትንፋሽ አደገኛ መሆኑን እዚህ ላይ መዝለል አይቻልም።) ጥጥ ለገላ ይስማማል፤ ውሃ ሲይዝ ግን ይከብዳል፣ ለመድረቅም ይዘገያል። ለስላሳ የሱፍ ክር ከሁሉም ይበልጥ ይሞቃል፤ በሙቅ ውሃ ከታሸ ግን ይኮማተርና ዳግመኛ አይመለስም። በደባርቅና በሰሜን ተራሮች አካባቢ የሚፈተለው የአገር በግ ጠጉር ለቆብና ለባና የታወቀ ቢሆንም፣ ለአራስ ገላ ይኮሰኩሳል። በእንዝርት የሚፈተለው የሸማ ጥጥም ነጠላና ቀጭን ስለሆነ ተደራርቦ ካልተገመደ በቀር ለዚህ ሥራ አይመችም። ጠጉሩ የሚበንን ክር ደግሞ ምንም ያህል ቢያምር ወደ ሕፃኑ አፍና አፍንጫ ስለሚገባ መቅረት አለበት። በጀቱ ከፈቀደ ለስላሳ ሱፍ፣ ካልፈቀደ ጥሩ አክሪሊክ የእኔ ምርጫ ነው።

መርፌው ቀጥ ያለ፣ ርዝመቱ 35 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሆነ ጥንድ መርፌ ነው፤ በአንድ ወቅት 98 ዐይን ስለሚይዝ አጭር መርፌ አያዋጣም። ቁጥሩን በሚመለከት አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ በድሮው የእንግሊዝ አቆጣጠር 8 ቁጥር የተጻፈበት መርፌ 4 ሚሊ ሜትር ማለት ነው፤ በዚያ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል። ስለዚህ ከእናት ወይም ከአያት የተወረሰ መርፌ ላይ ያለውን ቁጥር ከማመን ውፍረቱን በማስመሪያ ለክቶ ማረጋገጥ ይበጃል። ከዚህ ሌላ መቀስ፣ የልብስ መለኪያ ሜትር፣ ጫፉ ያልሾለ ወፍራም የስፌት መርፌ፣ 39 ዐይን የሚይዝ ቁራጭ ክር፣ እንዲሁም ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው አምስት ጠፍጣፋ ቁልፎች ያስፈልጋሉ።

ዐይን መጀመር፣ መሥራትና መዝጋት

ሹራብ ሠርተው የሚያውቁ ይህን ክፍል ሊያልፉት ይችላሉ።

ለመጀመር በክሩ ጫፍ ላይ ሸምቀቆ ያብጁና በአንደኛው መርፌ ላይ ያጥልቁት፤ ይህ የመጀመሪያው ዐይን ነው። መርፌውን በግራ እጅ፣ ባዶውን መርፌ በቀኝ እጅ ይያዙ። የቀኙን መርፌ ጫፍ ከፊት ወደ ኋላ በዐይኑ ውስጥ ያስገቡ፤ ከኋላ ያለውን ክር በቀኙ መርፌ ጫፍ ዙሪያ አዙረው በሁለቱ መርፌዎች መካከል ያሳልፉት፤ ከዚያም ክሩን በዐይኑ ውስጥ ወደ ፊት ስበው አዲስ ዐይን ያውጡ። አዲሱን ዐይን ወደ ግራው መርፌ ያስተላልፉት፤ አሮጌውንም አያውርዱት። አሁን በግራው መርፌ ላይ ሁለት ዐይን አለ። በመጨረሻው ዐይን ላይ ይህንኑ እየደጋገሙ የሚፈለገው ቁጥር ላይ ይደርሳሉ። በኋላ ለእጅጌና ለአንገት ዐይን የሚጨመረውም በዚሁ መንገድ ስለሆነ ሌላ ዘዴ መማር አያስፈልግም።

አንድ ዐይን መሥራት ማለትም ይኸው እንቅስቃሴ ነው፤ ልዩነቱ አዲሱ ዐይን በቀኙ መርፌ ላይ ቀርቶ አሮጌው ከግራው መርፌ መውረዱ ነው። የግራው መርፌ ባዶ ሲሆን አንድ ረድፍ አለቀ ማለት ነው፤ መርፌዎቹን አለዋውጠው ቀጣዩን ይጀምራሉ። ሁሉም ረድፍ እንዲህ ሲሠራ ጨርቁ በሁለቱም ገጽ አንድ ዓይነት፣ አግድም እርከን ያለው ይሆናል። እያንዳንዱ እርከን የሁለት ረድፍ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ረድፍ ቢጠፋብዎ እርከኖቹን ቆጥረው በሁለት ያባዙ። ይህ ጨርቅ ጠርዙ አይጠቀለልም፣ ወፈር ያለና የሚለጠጥ ነው፣ ውስጡና ውጩም አይለይም፤ የኋለኛው ባሕርይ ቁልፉ በየትኛው ጎን ይሁን የሚለውን ውሳኔ እስከ ስፌቱ ድረስ ለማቆየት ያስችላል።

ለመዝጋት ሁለት ዐይን ይሠራሉ፤ ከዚያም በግራው መርፌ ጫፍ የመጀመሪያውን ዐይን በሁለተኛው ላይ አሻግረው ያወርዱታል። አንድ ዐይን ጨምረው ይሠሩና እንደገና ያሻግራሉ። በሚዘጉበት ጊዜ እጅዎን ላላ ያድርጉ፤ የጠበቀ መዝጊያ የእጅጌውን አፍና የልብሱን ጫፍ ጨምድዶ ይይዛል።

ናሙና

ናሙና መሥራት ጊዜ ማባከን የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ክርና በአንድ መርፌ ቢሠሩ እንኳ የእጃቸው አያያዝ ስለሚለያይ የሚወጣው መጠን አንድ አይሆንም። 26 ዐይን ጀምረው 48 ረድፍ ይሥሩና ይዝጉት፤ በለብታ ውሃ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ሳይወጥሩ ዘርግተው ያድርቁት። ሲደርቅ ጠርዙን ትተው መሐሉን ይለኩ። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ወደ ጎን 20 ዐይን፣ ወደ ላይ 40 ረድፍ ወይም 20 እርከን ሊገኝ ይገባል።

የዚህ ሹራብ የደረት ዙሪያ 46 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ታስቦ የተሰላ ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ዐይን ካገኙ ዙሪያው ወደ 42 ይወርዳል፤ 18 ካገኙ ወደ 51 ያድጋል። የመጀመሪያው ለአራስ ይበቃ ይሆናል፤ ሆኖም ከውስጥ ልብስ ሲደረብበትና ሕፃኑ ሲወፍር ቶሎ ይጠባል። ዐይኑ ከበዛ በግማሽ ሚሊ ሜትር ወፈር ባለ መርፌ፣ ካነሰ በዚያው መጠን ቀጠን ባለ መርፌ ሌላ ናሙና ይሥሩ። መርፌ መለወጥ ካልተቻለ ደግሞ ስሌቱን መለወጥ ይቻላል፦ የሚፈልጉትን ስፋት በሴንቲ ሜትር ወስደው በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ በሚገኘው የዐይን ቁጥር ያባዙት። ወደ ላይ የሚወጣው ረድፍ ጥቂት ቢለይ ግን አያስጨንቅም፤ ረድፍ ከመቁጠር ይልቅ በሜትር እየለኩ መሄድ ይቻላል።

ጀርባው

46 ዐይን ይጀምሩ። የክሩን መነሻ ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉት፤ በኋላ ይሰፉበታል። 60 ረድፍ ማለትም 30 እርከን ይሥሩ፤ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በዚህ ክፍል ላይ የሚታሰብ ነገር የለም። የዐይኑን ቁጥር ግን በየጥቂት ረድፉ ይቁጠሩ፤ 47 ወይም 45 ሆኖ ከተገኘ በረድፉ ጫፍ ላይ ክሩ ተንጠልጥሎ አንዱ ዐይን ሁለት መስሎ ተሠርቷል፣ አለዚያም አንድ ዐይን ወርዷል።

ክር ካለቀ አዲሱን ሁልጊዜ በረድፍ መነሻ ላይ ይቀጥሉ። በረድፉ መሐል የተቋጠረ ክር የሕፃኑን ቆዳ ይቆጠቁጣል፤ ቋጠሮውም ከታጠበ በኋላ ሊፈታ ይችላል። አሮጌውንም አዲሱንም ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አስረዝመው ይተዉና ሳይቋጥሩ ሥራውን ይቀጥሉ።

እጅጌዎቹ

ከ60ኛው ረድፍ በኋላ፣ በሚቀጥለው ረድፍ መነሻ ላይ በግራው መርፌ 26 ዐይን ይጨምሩና የጨመሩትንም የነበረውንም ሁሉ ሠርተው ይጨርሱ፤ 72 ዐይን ይሆናል። መርፌውን አዙረው በሌላው ጫፍም 26 ዐይን ይጨምሩና ረድፉን ይሥሩ፤ አሁን 98 ዐይን አለ። እነዚህን ሁለት ረድፎች ጨምሮ 36 ረድፍ ወይም 18 እርከን እስኪሞላ ድረስ ይሥሩ። ይህ የእጅጌው የጀርባ ግማሽ ሲሆን ቁመቱ 9 ሴንቲ ሜትር ነው።

እጅጌው ሲያልቅ ዙሪያው 18 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ለአራስ ክንድ ሰፊ መስሎ ይታያል። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። የአራስ ልጅ እጅ በልብስ ውስጥ ተገፍቶ አይገባም፤ አልባሿ ሁለት ጣቶቿን ከእጅጌው አፍ ወደ ውስጥ አስገብታ የሕፃኑን ጭብጥ ትይዝና ታወጣዋለች። ለጣቶቿ ቦታ የሌለው ጠባብ እጅጌ ይህን ይከለክላል። ርዝመቱም 13 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ጊዜ ታጥፎ ይለበሳል፤ ሕፃኑ ሲያድግ ይዘረጋል።

የአንገት መክፈቻና የመጀመሪያው የፊት ክፍል

አሁን ትከሻው ላይ ደርሰዋል። 39 ዐይን ይሥሩ፣ ቀጣዮቹን 20 ዐይኖች ለአንገት ይዝጉ፣ ቀሪውን እስከ ረድፉ መጨረሻ ይሥሩ። ከተዘጋው በኋላ በመርፌው ላይ የቀረችው አንዲት ዐይን ከ39ኙ አንዷ መሆኗን አይርሱ፤ በሁለቱም ወገን 39፣ 39 ሊኖር ይገባል። መጀመሪያ የተሠሩትን 39 ዐይኖች በስፌት መርፌ እየወጉ በቁራጭ ክር ላይ ያሳልፏቸውና ጫፎቹን አስረው ያቆዩአቸው። ሥራው በሁለተኛዎቹ ላይ ይቀጥላል።

11 ረድፍ ይሥሩ፤ ሲጨርሱ ክሩ በአንገቱ በኩል ይገኛል። በሚቀጥለው ረድፍ መነሻ ላይ፣ እዚያው አንገቱ ጋ፣ 13 ዐይን ይጨምሩ፤ ጠቅላላው 52 ይሆናል። ከጨመሩት 13 ውስጥ አሥሩ የአንገቱን ግማሽ ይሞላሉ፤ ሦስቱ ደግሞ ሁለቱ የፊት ክፍሎች ለቁልፍ የሚደራረቡበት ትርፍ ናቸው።

ይህን ረድፍ 1ኛ ብለው አዲስ ቆጠራ ይጀምሩ። 23 ረድፍ ይሥሩ። 24ኛው ረድፍ ከእጅጌው አፍ በኩል ይነሣል፤ በመነሻው ላይ የእጅጌውን 26 ዐይን ይዝጉና ቀሪውን 26 ይሥሩ። ከዚህ በኋላ በ26ቱ ዐይን ላይ ሌላ 60 ረድፍ ይሥሩና ሁሉንም ይዝጉ። መዝጊያው ከፊት ጠርዝ ተነሥቶ በጎኑ ላይ ያልቃል፤ ክሩን 40 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው ይቁረጡት።

ሁለተኛው የፊት ክፍልና የቁልፍ ቀዳዳዎች

ያቆዩአቸውን 39 ዐይኖች ወደ መርፌ ይመልሱና ክሩን በአንገቱ በኩል ይቀጥሉ። 12 ረድፍ ይሥሩ። በሌላው ወገን 11 የነበረው እዚህ 12 የሆነው፣ ሁለቱ ክፍሎች አንዱ ከግራ ሌላው ከቀኝ ስለሚሠሩና ዐይን የሚጨመረው ሁልጊዜ በረድፍ መነሻ ስለሆነ ነው፤ የአንድ ረድፍ ልዩነት ሩብ ሴንቲ ሜትር በመሆኑ ለዐይን አይታይም። ከዚያም አንገቱ ጋ 13 ዐይን ይጨምሩና እንደ ቀድሞው 1ኛ ረድፍ ብለው ይቁጠሩ።

ከዚህ በታች ያለው ከመጀመሪያው ክፍል የሚለየው በቀዳዳዎቹ ብቻ ነው። ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ረድፎች ሁሉ ከፊት ጠርዝ ይነሣሉ። በ5ኛው፣ በ21ኛው፣ በ37ኛው፣ በ53ኛውና በ69ኛው ረድፍ መነሻ ላይ እንዲህ ያድርጉ፦ ሁለት ዐይን ይሥሩ፤ ክሩን በሁለቱ መርፌዎች መካከል ወደ ፊት አምጥተው በቀኙ መርፌ ላይ አንድ ጊዜ ይጠምጥሙት፤ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ዐይኖች በአንድነት ወግተው እንደ አንድ ይሥሩ፤ ቀሪውን ረድፍ እንደተለመደው ይጨርሱ። የተጠመጠመው ክር በሚቀጥለው ረድፍ ላይ እንደ አንድ ዐይን ይሠራል፤ ከሥሩም ትንሽ ቀዳዳ ይቀራል። የዐይኑ ቁጥር አይለወጥም፤ ከተለወጠ መጠምጠሙ ወይም ሁለቱን ማጣመሩ ተረስቷል።

የእጅጌው መዝጊያ እዚህም በ24ኛው ረድፍ መነሻ ላይ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎም 60 ረድፍ ይሠራል። ቀዳዳዎቹ በ4 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ ከመጨረሻው ቀዳዳ በታች 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ይቀራል። ይህ ክፍት ቦታ ሕፃኑ እግሮቹን ወደ ሆዱ ሲሰበስብ ልብሱ እንዳይጨናነቅና ሽንት ጨርቅ ሲለወጥ ቁልፍ ሁሉ መፍታት እንዳያስፈልግ ያደርጋል።

ስፌቱ

ከመስፋትዎ በፊት ቁራጩን አርጥበው፣ በፎጣ ላይ ዘርግተው፣ ስፋቱንና ርዝመቱን በእጅ አስተካክለው ያድርቁት። በብረት ካውያ፣ በተለይም አክሪሊክን፣ አይተኩሱ፤ ጨርቁ ይሞትና እርከኖቹ ተመልሰው አይነሡም።

በተለምዶ የወንድ ልብስ ቀዳዳው በግራ፣ የሴት በቀኝ በኩል ነው። ይህን መጠበቅ ከፈለጉ የትኛው ገጽ ወደ ውጭ እንደሚሆን አሁን ይወስኑ፤ ቁራጩን መገልበጥ ብቻ ይበቃል። ከዚያም ትከሻው ላይ አጥፈው ፊቱን በጀርባው ላይ ያስተኙት። የእጅጌው የተጀመረ ጠርዝ ከተዘጋው ጠርዝ ጋር፣ የጎኑ 30 እርከን ከሌላው 30 እርከን ጋር ይገጥማል።

ስፌቱን ከእጅጌው አፍ ጀምረው እስከ ብብት፣ ከብብትም እስከ ታችኛው ጠርዝ ይውሰዱት። ሁለቱን ጠርዞች ደርቦ መጠምዘዝ ጠንካራ ገመድ የመሰለ ስፌት ስለሚፈጥር ለሕፃን አይሆንም። ከዚያ ይልቅ ጠርዞቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ ከአንዱ ወገን የእርከኑን ጉብታ፣ ከሌላው ወገን ተመሳሳዩን እየወጉ፣ በየጥቂቱ ክሩን ሳብ ያድርጉ፤ ጠርዞቹ ሳይደራረቡ ይገናኛሉ። ብብቱ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ ደጋግመው ይውጉ፤ ልብሱ ሲለበስ የሚወጠረው እዚያ ነው።

የቀሩትን የክር ጫፎች ሁሉ በእርከኖቹ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አስኪደው፣ አቅጣጫ ለውጠው ጥቂት መልሰው፣ ከዚያ በኋላ ይቁረጧቸው። በእጅጌው ውስጥ የተንጠለጠለ ክር የሕፃኑ ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል፤ ሕፃኑም ከማልቀስ በቀር የሚናገርበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ሁለቱንም እጅጌዎች ገልብጠው በጣትዎ እየዳሰሱ ይፈትሹ።

ቁልፎቹን የሚሰፉት ፊቱን ዘግተው በየቀዳዳው መሐል ምልክት ካደረጉ በኋላ ነው። የሹራቡ ክር ለዚህ ደካማ ስለሆነ ጠንካራ የስፌት ክር ደርበው ይጠቀሙ፤ ከጨርቁ ጀርባ ትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ቢያስደግፉ ቁልፉ ሲጎተት ዐይኑን ይዞ አይወጣም። ሰፍተው ሲጨርሱ እያንዳንዱን ቁልፍ በሙሉ ኃይልዎ ይጎትቱት። የተነቀለ ቁልፍ የሕፃን ጉሮሮ ይዘጋል። በአንገት ላይ የሚታሰር ጥብጣብ ወይም ክር ደግሞ ጨርሶ አይደረግም፤ በዚህ ሹራብ አንገትጌው ካሬና ሰፋ ያለ የሆነውም አንገት ላይ የሚታሰረው ማዕተብ ሳይያዝና ሳይፈገፈግ እንዲቀመጥ ነው።

ለክርስትና ሲሆን

በጎንደር የአራስ ሹራብ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለአራስ ጥየቃ ወይም ለክርስትና ነው። የክርስትና እናት ሆነው የሚሠሩ ከሆነ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን መጠመቃቸው መጠኑን ይወስናል። ሲወለድ ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የነበረ ሕፃን በሦስት ወሩ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ስለዚህ ከላይ ያለው ልክ ለወንዱ ልጅ ተስማሚ ሲሆን፣ ለሴቷ ግን በክርስትናዋ ዕለት ልኳ ሆኖ ብዙም ሳይቆይ ይጠባታል። ለእርሷ የሚቀጥለውን ልክ እመርጣለሁ፦ 52 ዐይን ጀምረው 68 ረድፍ ይሥሩ፤ ለእያንዳንዱ እጅጌ 32 ዐይን ጨምረው 116 ያድርሱት፤ 42 ረድፍ ከሠሩ በኋላ 47 ሠርተው፣ 22 ዘግተው፣ 47 ይሥሩ። በአንገቱ በኩል የሚጨመረው 14 ዐይን ነው፤ የእጅጌው 32 ዐይን የሚዘጋው በአዲሱ ቆጠራ 30ኛ ረድፍ ላይ ሲሆን ለፊት ክፍሉ 29 ዐይን ይቀራል፤ በእርሱም ላይ 68 ረድፍ ይሠራል። ቀዳዳዎቹን በ18 ረድፍ ልዩነት፣ ከ5ኛው ጀምረው ያድርጉ። የደረቱ ዙሪያ 52 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 200 ግራም ክር ከበቂ በላይ ነው።

ጥምቀቱ የሚፈጸመው በማለዳ ስለሆነ ሕፃኑ ከውሃ ወጥቶ በፍጥነት መልበስ ይኖርበታል። ቁልፎቹ ተፈትተው፣ እጅጌዎቹ ሳይታጠፉ፣ ከውስጥ የሚለበሰው ስስ የጥጥ ልብስ አስቀድሞ በሹራቡ ውስጥ ገብቶ ቢዘጋጅ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይለበሳሉ። ቤት ከተገባና ሰው ከበዛ በኋላ ግን ሕፃኑ እንዳይሞቀው ማየት ያስፈልጋል። የአራስ እጅና እግር ሁልጊዜ ቀዝቀዝ ስለሚል አያስተማምንም፤ የሚዳሰሰው ማጅራቱ ወይም ደረቱ ነው። ላብ ካለው ሹራቡ ይውለቅ።

ሲታጠብ በለብታ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና ነክሮ ቀስ አድርጎ መጫን እንጂ ማሸት አይገባም። ውሃውን ለማውጣት አይጠመዘዝም፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጨመቃል። ገመድ ላይ ከተሰቀለ የውሃው ክብደት እጅጌውን ስለሚያስረዝመው፣ ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ጠፍጣፋ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ በክረምት አንዱ ገጽ ሲደርቅ ይገልበጥ።